በአመድ የታጠበው ሰማያዊ

ደብረ ማርቆስ
ጥቅምት ፲፱ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ለልጄ ለአሰገደች ደምለው፤ ገዳሪፍ።

ጤናሽን ከነጋዴው ከሙነወር ሰምቻለሁና ደግሜ አልጠይቅሽም። እኔም አለሁ። ክረምቱን ጉልበቴ ሲያመኝ ሰነበተ፤ ፀሐይ ከወጣች ወዲህ ተሻለኝ። ዓይኔ ደህና ነው፣ እጄም ደህና ነው። ለሥራዬ የሚያስፈልጉኝ እነዚህ ናቸው፤ ሌላው ቢያምም ይመም።

ጽሕፈቱን አይተሽ ማን ጻፈላት እንዳትዪ። የጻፍሁት እኔው ነኝ። አባትሽ ከሞተ በኋላ ሰው ሁሉ በቀለበቴ ላይ ስሜን ቅረጪልኝ፣ በመስቀሌ ላይ የክርስትና ስሜን ቅረጪልኝ እያለ ይመጣ ነበር። እኔ ደግሞ ሌላ ሰው በከሰል የጻፈልኝን ቅርጽ እያየሁ ልክ እንደ ሐረግ እቀርጸው ነበር። ምን እንደሚል አላውቅም። ይህ ሰለቸኝ። መሪጌታ ወልደ ሚካኤል የመቋሚያቸው የብር ራስ ተሰንጥቆ ሲመጡ፣ "እጠግንልዎታለሁ፤ እርስዎ ደግሞ ፊደል ያስቆጥሩኝ" አልኋቸው።

"በዚህ ዕድሜሽ?" አሉኝ።

"በልጅነቴማ ማን አስቆጠረኝ?" አልኋቸው።

ከሕፃናቱ ጋር ተቀምጬ ሀሁ ብያለሁ። ልጆቹ እየቀደሙኝ ወደ ዳዊት አለፉ፤ እኔም ቀስ ብዬ ደረስሁ። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የሌላ ሰው አፍ የለም። መራራ ሆኖ የምታገኚው ሁሉ የኔ ነው።

የባልሽን ስም አልጽፍም። ሁለት ምክንያት አለኝ፤ አንደኛው ጣልያን ነው። የሙነወርን ስም ግን ብጽፈው አይጎዳውም፤ በየኬላው እሱም በቅሎዎቹም የታወቁ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ልጅሽ ሥራነሽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ትመጣለች። መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። እምቢ ያልሁት ለምን እንደሆነና እሺ ያልሁት ለምን እንደሆነ እንድታውቂ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። ካነበብሽው በኋላ አቃጥዪው፤ ወይም አስቀምጪው፤ ያንቺ ነገር ነው።

ልጅሽን ያመጣሽልኝን ቀን አንቺ እንዴት እንደምታስታውሺው አላውቅም። እኔ የማስታውሰው እንዲህ ነው። ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ፊቷን እስከ ዓይኗ የሸፈነች ሴት ቆማለች፤ በጀርባዋ ልጅ አዝላለች። ልጅቱ በኩፍኝ ትነዳለች። ከሠርግሽ ወዲህ ደጄን ረግጠሽ አታውቂም ነበርና መጀመሪያ አላወቅሁሽም። ባልሽ ዱር መግባቱን፣ ጣልያን የአማቶችሽን ቤት ማቃጠሉን፣ ሌሊቱን ወደ ሱዳን ለመሄድ መነሣታችሁን፣ የታመመ ልጅ ይዞ ያን በረሃ ማለፍ እንደማይቻል በአንድ ትንፋሽ ነገርሽኝ። "ትንሽ ጊዜ ነው፣ እናቴ" አልሽኝ። እኔ የመለስሁልሽ አንድ ጥያቄ ነበር፤ "ስሟ ማነው?" አልሁሽ።

የልጅ ልጄን ስም በገዛ ደጃፌ ላይ ቆሜ ጠየቅሁ። አንቺ ይህን ረስተሽው ይሆናል።

ልጅቱ ዳነች። ሁለት ክረምት ከኔ ጋር ከረመች። አድጋለች፤ ለብሳ የመጣችው ቀሚስ አሁን ለእጅጌ እንኳ አይበቃትም። አፈ ፈጣን ናት። የሽሮ ወጥ አትወድም፤ የተልባ ፍትፍት ካገኘች ግን ቆማ ትበላለች። እኔን "እማዬ" ትለኛለች። አላስተማርኋትም፤ አልከለከልኋትምም።

ሥራ አለ። ከተማው በጣልያን ወታደር ተሞልቷል፤ ከምሽጉ እስከ ገበያው ድረስ የመኪና ጭቃ ነው። የኛ ሰው ጌጥ አያሠራም፤ ያለውንም ቀብሮታል። የሚያሠሩኝ ሶላቶዎቹ ናቸው። መስቀል ይወዳሉ። አንዱ ባለፈው ጊዜ አስተርጓሚ ይዞ መጥቶ ለእናቱ የሚልከው መስቀል አሠራ። ሥራነሽ አጠገቤ ሆና ታየው ነበር።

"እናቱ ሩቅ ናት?" አለችኝ።

"ሩቅ ናት። ባሕር ማዶ።"

"ለምን ወደሷ አይሄድም?"

"እሱን ሁላችንም እየጠየቅን ነው" አልኋት።

ይህን ያልሁት አስተርጓሚው እየሰማ ነው። ያን ቀን ለጣልያኑ ምን ብሎ እንደተረጎመለት እንጃ፣ ሰውዬው የልጅቷን ራስ ዳብሶ ሄደ።

ሥራነሽ በወናፉ አጠገብ መቀመጥ ትወዳለች። ከሁሉ የምትወደው ግን ዶቃ መለየት ነው። ሙነወር በከረጢት የሚያመጣውን የተቀላቀለ ዶቃ በሰፌድ ላይ ዘርግታ በየቀለሙ ታስቀምጠዋለች። ለቀለሞቹ የራሷን ስም አውጥታላቸዋለች። ቢጫውን "ኑግ" ትለዋለች፤ አሁን በጥቅምት ሜዳው ሁሉ ቢጫ ስለሆነ ነው። ቀዩን "ቁስል"። አረንጓዴ ሁለት ዓይነት አላት፤ "የባቄላ" እና "የኩሬ"።  አንቺም በዚሁ ሰፌድ ላይ እንዲሁ ታደርጊ ነበር።

ሙነወር በመስከረም መጨረሻ ከመተማ መጣ። ገበያ ከመግባቱ በፊት ወደኔ ቤት ነው የመጣው። ቆሎ አቀረብሁለት። ከዚያ ወዲያ የተነጋገርነውን እንዳለ ልጻፍልሽ።

"እትዬ የብርጓል፣ ከአሰገደች መልእክት ይዣለሁ" አለኝ።

"ምን ጎደላት?"

"ልጇ። በሚቀጥለው ጉዞዬ ይዤላት እንድሄድ ትለምንዎታለች። ቤት አግኝታለች፤ ከሌሎች ስደተኞች ጋር ግቢ ይዘው እየኖሩ ነው።"

"እምቢ አለች በላት።"

"እሺ፤ እምቢ አለች እላታለሁ።" ቆሎውን መብላቱን አላቋረጠም።

"ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝም?"

"ልንገርህ ካሉኝ እሰማለሁ።"

ነገርሁት። ሙነወር ግማሹን ያውቀው ነበር፤ አባቱ ለኔ ቀለም የሚያመጡልኝ ሰው ስለነበሩ። ቢሆንም ከመጀመሪያው ነገርሁት። አንቺም ከኔ አፍ ሰምተሽው አታውቂምና አሁን አንብቢው።

ያ ባለ ርስት ቤተ ሰብ አንቺን ለልጁ ሲጠይቅ የጠይብ ልጅ መሆንሽን ያውቅ ነበር። ዓይንሽንና ቁመትሽን ወደዱ፤ እኛን ግን አልፈለጉንም። ሠርጉ ከክርስትና እናትሽ ቤት ይሁን አሉ። የአንጥረኛ ደጅ ሙሽራ አይወጣበትም አሉ። አንቺ ያን ቀን ምድጃው አጠገብ ተቀምጠሽ ነበር። አባትሽ ፊትሽን ያይ ነበር። አንቺ "እሺ" አልሽ። አባትሽ ከሁለት ወር በፊት ለሠርግሽ ብሎ ባለ ቀይ ጥለት ኩታ ገዝቶ ነበር። አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው። ስለ ኩታው ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም።

ማተብሽን ግን እኔ ሠራሁት። ለዚያ ክር ስንት ጊዜ እንደደከምሁ አትጠይቂኝ። ከቤታችን በስተጀርባ የነበረውን የተልባ ማሳ ታስታውሺዋለሽ? ሲያብብ እዚያ ውስጥ እየተደበቅሽ አባትሽን ፍለጋ ታስወጪው ነበር። እኔ ያን ሰማያዊ ፈለግሁ። አንዴ ነከርሁት፣ ጠቆረብኝ። እንደገና በሌላ ክር ጀመርሁ፣ ነጣብኝ። በመጨረሻ የማሳው ቀለም መጣልኝ። መስቀሉን አባትሽ ሠራው፤ በክርስትና እናትሽ እጅ ላክንልሽ።

አማትሽ ነፍሷን ይማረው። ይህን የምለው መሪጌታ በዪ ስላሉኝ ነው። የጠይብ እጅ የነካውን እንዳለ አታስርም ብላ ማተቡን በጠበል ዘፈዘፈችው። ያ ባልከፋ። ጠበሉ አልበቃ ብሏት በአመድ ውኃ አሸችው። ብር በአመድ ይጠራል፤ እኛም በዚያ ነው የምናጠራው፤ ሴትየዋ ያን አይታ ይሆናል። የተነከረ ክር ግን አመድ ሲነካው ቀለሙን ይለቃል። ይህን ለማወቅ አንጥረኛ መሆን አያስፈልግም፤ ነጠላዋን ራሷ ያጠበች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። እሷ አጥባ አታውቅም።

ክሩ ሳይደርቅ አሰሩልሽ። ሰማያዊው በነጩ የሙሽራ ቀሚስሽ ደረት ላይ ወረደ። ሠርገኛው ሁሉ የቡዳ እጅ ነው አለ። ያን ቀሚስ አስወልቀው ሌላ አለበሱሽ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ቀሚሱን ጣዪው የተባለችው ልብስ አጣቢ አምጥታ ስለሰጠችኝ ነው። ክርስትና እናትሽ ደግሞ መጥታ፣ "ማተቡንም ልጅቱ ራሷ ወንዝ ጣለችው፤ ተዪው፣ ለኑሮዋ ብላ ነው" አለችኝ።

ስምንት ዓመት ሙሉ ያን ክር ወንዝ ውስጥ ነበር የማውቀው። አባትሽ ሲሞት መርዶ ላክሁ። አልመጣሽም። ይህንንም ለሙነወር ነገርሁት። "እንግዲህ ለለቅሶ ያልመጣች ልጅ፣ ልጇን ስታስቀምጥ ደጄን አወቀችው፣ ልጇን ስትፈልግ ደጄን አወቀችው። አሁን ወስዳ እሷንም አያትሽ ማናት ሲሏት ዝም በዪ ልትላት ነው። አልሰጥም" አልሁት።

ሙነወር ሰምቶ ጨረሰ። ከዚያ እጁን አራግፎ፣ በሥራ ጨርቄ ላይ የነበረውን ለአንድ የይጁቤ ሕፃን ክርስትና የሠራሁትን ማተብ አነሣ። ወደ በሩ ብርሃን አዞረው። ቋጠሮውን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገ። ቋጠሮዬን ታውቂዋለሽ፤ ጫፉ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ እንደሌላው ሰው ቁንጮ አላወጣም።

"ይቺን ቋጠሮ ገዳሪፍ ላይ አየኋት" አለ።

"የት?"

"አሰገደች አንገት ላይ።"

"ትዋሻለህ።"

"ነጋዴ ነኝ፣ እትዬ። በዋጋ ልዋሽ እችላለሁ፤ በቀለም አልዋሽም።"

"ቀለሙ ምንድን ነው?"

ማተቡን ጨርቁ ላይ መለሰ። "አሁንማ ቀለም አይባልም። ሰማያዊ የነበረ ነገር ነው። አመድ መስሏል። እንዲያውም፣ 'ይህ አርጅቷል፣ መስቀሉ ይወድቅብሻል፤ አዲስ ሐር ልስጥሽ' ብያት ነበር።"

"እሷስ?"

"'አልፈልግም፤ ቀለሙን ያጠቡብኝ ሰዎች ክሩን አልወሰዱብኝም' አለችኝ። ነገሩ አልገባኝም ነበር። አሁን ከእርስዎ ስሰማ ገባኝ።"

ወደ ምድጃው ዞርሁ። እሱም ሰው ሲያለቅስ የማየት ልማድ የለውም መሰለኝ፣ ስለ ጨው ዋጋ ማውራት ጀመረ። አላለቀስሁም ደግሞ። የምድጃው ጭስ ነው።

ሲወጣ፣ "እምቢ አለች በላት ያልሁህን እስክጠራህ ድረስ አትንገራት" አልሁት።

"ገና አንድ ወር እዚህ ነኝ። ለማን ልነግር ነው?" አለና ሄደ።

በነጋታው ሳጥኑን ከፈትሁ። ማተብ ከሦስት ክር ይገመዳልና ሦስት ክር ያስፈልገኝ ነበር። ገበያ ላይ የሐር ክር ሞልቷል፤ ጣልያን አምጥቶታል፤ የሚያብረቀርቅ ነው። አልፈለግሁትም። ልጅቱ የምትሄደው እኔ ወደማላውቀው አገር ነው። የምታስረው ነገር ከቤት የወጣ ይሁን አልሁ።

መጀመሪያ የአባትሽን ኩታ አወጣሁ። አንድ ቀን ሳይለበስ ቀረና ፀሐይ አልነካውም፤ ጥለቱ ዛሬም እንደተገዛበት ቀን ቀይ ነው። ሌላው ልብሱ ሁሉ ደብዝዞ ለቀብሩ የሄደው ሄደ፣ የተሰጠው ተሰጠ። ይህ ብቻ ሳይደበዝዝ ቀረ። ጫፉን ይዤ ቀዩን ክር ተረተርሁት። ሥራነሽ ክሩን በጣቷ እየጠቀለለች ትቀበለኝ ነበር።

"የማነው?" አለችኝ።

"የአያትሽ የደምለው።"

"ለምን አልለበሰውም?"

"አልተጠራም።"

"የት?"

"እናትሽን ጠይቂያት" አልኋት። ትጠይቅሻለች። መንገርሽን አትተዪ።

ቀጥሎ ያንቺን ቀሚስ አወጣሁ። ደረቱ ላይ ያለው ሰማያዊ እንዳለ ነው። ከክሩ ታጥቦ ወጥቶ ጨርቁ ላይ ተቀምጧል፤ እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ውኃ አላስነካሁትም።  ለሥራነሽ የእናትሽ ነው ብዬ በፀሐይ ዘረጋሁላት።

"ይህን ቀለም ምን ትዪዋለሽ?" አልኋት።

"ተልባ" አለች። "የተልባ አበባ።"

ማሳውን አታውቀውም። ጣልያን መንገድ ሲያወጣ ታርሶ ተደልድሏል። ማንም አልነገራትም። እንዲሁ አየችና ተናገረች። ከደረቱ ላይ የነጠብጣቡን ርዝመት ያህል ክር ለቀምሁ። አጫጭር ነበሩና እያጣመርሁ አስረዘምሁት።

ሦስተኛውን ነጭ ላደርገው አስቤ ነበር። የጥጥ ፈትል አዘጋጀሁ። ብርሃኑ ስለደከመ ለነገ አልሁ፤ ቀለም በኩራዝ አይታይም። በማግሥቱ ጠዋት ስነሣ ከሌን አንሥቼ ልለብስ ስል ጫፉ የስንዝር ያህል ተተርትሯል።

"ማነው ይህን ያደረገው?" አልሁ።

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"አያቴ ሰጠ፣ እናቴ ሰጠች። አንቺ አልሰጠሽም።"

"ይህ የሐዘን ልብስ ነው። በልጅ አንገት ላይ ጥቁር አይታሰርም።"

"ጥቁር አይደለም፣ እማዬ። ጠላ ይመስላል።"

ክሩን ከእጇ ነጥቄ በር ላይ ወጣሁ። ወደ ፀሐይ አደረግሁት። እውነቷን ነው። አባትሽ ሲሞት በጥቁር ጭቃና በቅጠል የነከርሁት፣ ከዚያ ወዲህ ከላዬ ያልወረደው ልብስ ጠላ ሆኗል። መቼ እንደሆነ አላውቅም። ለሰው ቀለም የምመርጥ ሴት ነኝ፤ የሌላውን ክር አንድ ነጥብ ቢለወጥ የማውቅ ነኝ። የራሴን በየቀኑ እየለበስሁት አላየሁትም። ሰው ሁሉ ከል ነው ሲል እኔም ከል ነው እል ነበር።

ነጩን ፈትል ተውሁት። ሦስቱን ገመድሁ፤ ቀይ፣ ሰማያዊና ይኸው ጠላ የመሰለው። አጠገብ ለአጠገብ ሆነው ያምራሉ አልልሽም። ቀዩ ይጮኻል፣ ሌሎቹ ያዳምጣሉ። ግን ጠንካራ ነው። ሳቢው፣ አይበጠስም።

ጫፉ ስለተተረተረ ከሉን አውልቄዋለሁ። ሌላ ምክንያት የለውም። አሁን ነጭ ነጠላ ነው የምለብሰው። ጎረቤት ሁሉ ያየኛል፤ ይየኝ።

መስቀሉን የሠራሁት ከብናኝ ነው። አባትሽ ሲሞርድ የሚረግፈውን ብር ከጨርቁ ላይ እየጠረገ በቀንድ ያጠራቅም እንደነበር ታስታውሺያለሽ። ቀንዱ እሱ ከሞተ ጀምሮ እንደተከደነ ነበር። አቀለጥሁት። ብሩ ከመፍሰሱ በፊት የላዩ ቀለም አንድ አፍታ ሲለዋወጥ፣ አባትሽ "የርግብ አንገት መጣ" ብሎ አንቺን የሚጠራበት ጊዜ ነበር። አንቺ ካለሽበት እየሮጥሽ ትመጪና ደግሞ ሁልጊዜ ይቀድምሽ ነበር፤ ደርሰሽ ስታዪ ነጭ ሆኗል። ታለቅሻለሽ። ሥራነሽን አስቀድሜ አጠገቤ አስቀመጥኋት። ሲመጣ እኔ አፌን አልከፈትሁም። እሷ ራሷ "እዪው፣ እዪው" አለች። አየች። አንቺ ልጅ ሳለሽ ያላየሽውን አይታለችና ምን እንደሚመስል እንድትነግርሽ ጠይቂያት።

ሙነወርን አስጠራሁትና፣ "ትሂድ" አልሁት።

"የቅድሙን እምቢታስ ምን ላድርገው?"

"አንተ ጋ ይቅር" አልሁት።

አሁን ስለ መንገዱ። የሙነወር ሚስት ሸምሲያ መተማ ያለችውን እኅቷን ልትጠይቅ አብራ ትሄዳለች። ሥራነሽ ከሷ ጋር በአንድ በቅሎ ትቀመጣለች፣ ከሷ ጋር ታድራለች። በደምበጫና በቡሬ አድርገው ነው የሚሄዱት። ኬላ ላይ ቢጠይቋቸው የሸምሲያ የጡት ልጅ ናት ይላሉ። ማተቡን ጎህ ሳይቀድ ሸምሲያ ራሷ በሻሽ ጠቅልላ ደብቃላታለች፤ ሱዳን ሲገቡ ታወጣዋለች። ሥጋ አትበላም፤ የእስላም ሥጋ መሆኑን ያሳሰበችኝም ሸምሲያ ናት። "የኛን ወጥ እንዳትነካ እኔ እጠብቃታለሁ፤ እናቷ ጋ እንዳለች አደርሳታለሁ" አለችኝ። በሶና ዳቦ ቆሎ አስይዣታለሁ። ትንሽ ዶቃም ይዛለች፤ ስታለቅስ ስጧት ብዬ ነው፤ ቀለም ስትለይ እንባዋን ትረሳዋለች።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። ልመና አይደለም። እዚያ ያሉት ሰዎች ይቺን መስቀል ማን ሠራት ቢሏት፣ "አያቴ" ትላለች። አያትሽ ማናት ቢሏት፣ "አንጥረኛ" ትላለች። አላስጠናኋትም፤ የምታውቀው ይህንኑ ስለሆነ ነው። አንቺ አጠገቧ ቆመሽ ይሆናል። ዝም በዪ እንዳትያት። ይህን ካደረግሽ ሁለተኛ ጊዜ ልጅ ላኪ አትበዪኝ፤ ሁለተኛ የምልከው ልጅም የለኝም።

ካለፈው ሰንበት ጀምሮ "አያቴ" በዪኝ ብያታለሁ። መጀመሪያ ተኮሳተረች። ትናንት ግን ሁለት ጊዜ አለችኝ። "እማዬ" የሚለውን ላንቺ ይዛልሽ ነው የምትመጣው።

አንገቷ ሲወፍር ማተቡ ይጠብባታል። እንዳትቆርጪው። ርዝመት አስቀርቼ ወደ ውስጥ አስገብቼዋለሁና ቋጠሮው ይፈታል። አንቺ ልጅ ሳለሽ ላስተምርሽ ስል ጣቴን ያመኛል እያልሽ ትሸሺ ነበር። ሥራነሽ ታውቀዋለች፤ የመጨረሻውን ዙር ያጠበቀችው እሷ ናት። ስትፈታው አጠገቧ ተቀመጪና እዪ። ቀስ ስለምትል አትንጠቂያት።

የአባትሽ አምላክ ይጠብቃችሁ። ልጅሽን ከበረሃ ንዳድ፣ አንቺን ከሰው አፍ ይጠብቅ። ባልሽንም ካለበት ዱር በደህና ይመልሰው፤ ይህን መሪጌታ አላዘዙኝም። አገሩ ሲረጋ በየትኛው በር እንደምትገቡ ታውቁታላችሁ፤ እኔ ቤት አልቀየርሁም።

የኔ ማተብ አርጅቶ ባለፈው ሳምንት ተበጠሰ። ለሰው ስሠራ ለራሴ አልሠራሁም። ሁለት ክር አለኝ፤ ከአባትሽ ኩታና ከልጅሽ ቀሚስ። ሦስተኛው ይቀረኛል። ሙነወር ሲመለስ ከለበስሽው ልብስ አንድ ክር መዝዘሽ ላኪልኝ። ቀለሙ ምንም ይሁን። ብቻ አትጠቢው፤ ከላይሽ እንደወረደ ላኪው።

እናትሽ
አንጥረኛዋ የብርጓል